ከ«ደህና ነኝ» በኋላ

ጥቅምት 4

ዛሬ ውጭ አገር ላለው ለአጎቴ ልጅ በወረቀት ደብዳቤ ጻፍኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ከእጄ የሚወጣ ነገር ሁሉ ቅጂ ይቀርልኛል። ስለዚህ የምልከውንም የሚመጣልኝንም እዚሁ ማስታወሻዬ ላይ እገለብጠዋለሁ።

ወረቀት የመረጥኩት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ሳምንት በስልክ «የአባትህ እግር ከፍቷል፤ ዶክተሯ ጣቱ ይቆረጥ ብላለች፤ ቶሎ ደውል» ብዬ ላክሁለት። ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ መልስ መጣ፦ «ደስ የሚል ዜና ነው! በዚሁ ቀጥሉ!» ሁለት አበባም አስከትሏል። ከሱቄ መስኮት ሥር ተቀምጦ ስልክ ለሚጠግነው ጎረቤቴ አሳየሁት። አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሰው አይደለም። ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩ ራሱ እንዲመልስለት አዞታል።»

«እሱስ አያነበውም?»

«ስልኩ ‹መልሻለሁ› ካለው ምን ብሎ ያነበዋል?»

ብደውልም አይነሳም። «አታናግሩኝ» የሚል ነገር አብርቶበት ይሆናል አለኝ ጠጋኙ። ለወረቀት ግን በሱ ፈንታ ማንም አይመልስለትም።

---

ጥቅምት 4

ለአጎቴ ልጅ፣ ቤተሰቡ «ፈላስፋው» ለሚልህ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የተቀመጥክበት ወንበር ይመችህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፈው ወጉ ስለሆነ ነው፤ ደህና አይደለንም።

አባትህ ቀኝ እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶበታል። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ፍሬን የረገጠበት እግር ነው። ስኳሩ ስሜቱን ስለወሰደበት ምንም አይሰማውም፤ ስለማይሰማውም የለም ይላል። ጠዋትና ማታ የማጥበው እኔ ነኝ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ጠቁረዋል። ዶክተሯ «አሁን ሁለቱን ጣት ከቆረጥን እግሩ ይተርፋል፤ ከዘገየን ወደ ላይ ይወጣል» ብላለች። አባትህ ምን አላት መሰለህ? «ልጄ ጤናህ ሙሉ ነው ብሎኛል። የኔ ልጅ የሚሠራበት ሕንፃ ከናንተ ሐኪም ቤት ይበልጣል።» ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

«ልጄ» ያለው ያንን ሠርተህ በመንገደኛ የላክኸውን፣ የተገለበጠ ኩባያ የሚመስል ነጭ ዕቃ ነው። ጠዋት ጠዋት በአንተ ድምፅ «እንዴት አደሩ?» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን «ልጄ ከሄደ ወዲህ ጨዋ ሆኗል፤ አንቱ ይለኛል» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ነበር። እሱ «ደህና» ይለዋል። ዕቃው ደግሞ «በጣም ጥሩ! ጤናዎ ዛሬም ሙሉ ነው» ይለዋል። የራስህን በግ ከግቢህ አውጥቶ መልሶ ለራስህ የሚሸጥልህ ደላላ አይተህ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው። አባትህ የነገረውን ይዞ ለአባትህ ይነግረዋል፤ አባትህ ደግሞ ከልጁ የመጣ የምርመራ ውጤት ያደርገዋል።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በራስህ አፍ ደውለህ «ዶክተሯን ስማ» በለው። የኔን ቃል አይሰማም፤ እኔ ለሱ ቻርጀር የምሸጥ የእህቱ ልጅ ነኝ።

እትዬህ

---

ጥቅምት 27

ለእትዬ፣

ገበያሽ ይድራ፣ ቤትሽን ሰላም አይራቀው። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል እንጂ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታውን ስቀድ ባልደረቦቼ ከሙዚየም የመጣ መስሏቸው ከበቡኝ።

እንዳነበብኩት ዕቃው የሚልክልኝን የአባዬን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። ከሰኔ ወዲህ አንድ ቀይ ቀን የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። እትዬ፣ ሰው «ከፍቷል» ሲለኝ መሣሪያ ደግሞ «ደህና ነው» ሲለኝ፣ ሥራዬ መሣሪያውን እንዳምን አስተምሮኛል። መሣሪያ አይደክመውም፤ አያጋንንም፤ የሚፈልገው ነገርም የለውም። «የሚፈልገው ነገር የለውም» ያልኩት አስቤበት ነው። አባዬ የሚተኛበት ክፍል ከሱቅሽ ጀርባ መሆኑን፣ «ለካርቶን ማስቀመጫ እንዴት ይመች ነበር» ማለትሽንም አልረሳሁም። አባዬ ሐኪም ቤት ሲገባ ማን እንደሚገባበት መገመት አያቅተኝም።

ደግሞ መታጠቢያ ቤት የወደቀ ዕለት ማን ጠራሽ? አንቺ ዕቃ ልታወርጂ መጋዘን ነበርሽ። ለጠዋት ጥያቄው መልስ ሲያጣ የጠራሽ ያ «የተገለበጠ ኩባያ» ነው። ያን ጊዜ ደላላ አላልሽውም።

ስለ ድምፁና ስለ ቃላቱ ያልሽውን በተመለከተ፦ በሥራችን የማይጣስ ደንብ አለ፤ እየሠራ ያለን ነገር አትንካ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ዕቃውን ሊገዙ ለሚያስቡ ሰዎች ማሳያ አቀርባለሁ። የማሳያቸውም የአባዬን መዝገብ ነው፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚ እሱ ነው። በዚህ ሰዓት ከዕቃው ትእዛዝ አንዲት መስመር ብነካ ሌላ አሥር ቦታ ሊበላሽ ይችላል። ይህን ነጋዴ ላይረዳው ይችላል።

ለሌላ ሐኪም የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ። ዕቃውን ከሶኬት እንዳትነቅዪው። ከነቀልሽው ወዲያውኑ አውቃለሁ።

የአጎትሽ ልጅ

---

ኅዳር 8

የልጁ መልስ መጣ። በማተሚያ የታተመ ነው፤ ፊርማው ሳይቀር።

አጎቴ «ምን አለ?» አለኝ። ምርቃቱን ብቻ አነበብኩለት። «ገበያሽ ይድራ አለ?» «አዎ።» «አየሽ፣ ለሁሉም ያስባል» አለና እግሩን ከብርድ ልብሱ ሥር መለሰው። ጨርቁን ስቀይር ሦስተኛው ጣትም ቀለሙ መለወጡን አይቻለሁ።

በላከው ገንዘብ ዛሬውኑ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ ገንዘቡ የሱ ነው ስለው መጣ። ሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያዋ ያለችውን ደገመው። አጎቴም የመጀመሪያውን መልሱን ደገመለት።

---

ኅዳር 9

ለፈላስፋው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ።

ክፍሉን እፈልገዋለሁ። ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለሱቄ ቅርብ ነው፤ ደብቄህም አላውቅም። የምፈልገው ግን ሰው ከነእግሩ ሲወጣበት ነው። አንተ ያየኸው አረንጓዴ ነው፤ እኔ ያየሁት ጥቁር ነው። የኔው ደግሞ ይሸታል። የሚሸት መዝገብ ከሠራህ ያን ጊዜ እንከራከራለን።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ ጠዋት ገንዳና ጨርቄን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዕቃህ ሲናገር ልስማ ብዬ። መብራቱ በራ። አባትህ ኮሌታውን አስተካከለ። ለዕቃ!

«እንዴት አደሩ?» አለው ድምፅህ።

«ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ አንተስ እንዴት አደርክልኝ? እግሬ ብቻ ትናንት ማ…»

«በጣም ጥሩ! ጤናዎ ዛሬም ሙሉ ነው። መልካም ቀን!»

መብራቱ ጠፋ። አባትህ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ እኔ እንዳላዝንብህ ብሎ «ቸኩሎ ነው፤ ሥራ አለበት» አለኝ።

ገባህ? «ደህና»ን ሲሰማ ጆሮውን ይዘጋል። ነገሩ ደግሞ የሚጀምረው ከ«ደህና» በኋላ ነው። እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አንተ ግን የኛው ልጅ ነህ፤ ታውቀዋለህ። ሱቄ የገባ ሰው «ቻርጀሩ ስንት ነው?» ሲለኝ የምጠራለት ዋጋ፣ ዋጋ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዋጋው የሚመጣው ወጥቼ ልሂድ ብሎ ከበር ሲመለስ ነው። «ደህና ነኝ»ም የመጀመሪያ ጥሪ ነው። አንተ የመጀመሪያውን ጥሪ ይዞ የሚሮጥ ገዢ ሠርተህ «ብልህ» የሚል ስም አወጣህለት። እንዲህ ያለ ገዢ ሱቄ በር ላይ ሲቆም ደስ ይለኛል፤ አባቴን ግን አላስጠብቀውም።

«እየሠራ ያለን አትንካ» ትላለህ። በነሐሴ ማን ነካው? አንድ ጠዋት ተነስተን ድምፅህ የሴት ሆኖ አገኘነው። አባትህ «አገባ እንዴ? ሳይነግረኝ?» ብሎ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ ዕቃው ፊት ተቀመጠ። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፤ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። «በጣም ጥሩ!» አለችው። ያን ሰሞን ሁሉ ምራቱን ሲያደንቅ ከረመ፤ ጨዋ ናት፣ ብዙ አትናገርም እያለ። ድምፅህ ሲመለስ ደግሞ ተፋታ ብሎ አዘነ። እኔ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ እያለ መደርደሪያ አላዟዙርም። እናንተ ሰው ተኝቶ ቤቱን ታዞሩበታላችሁ፤ ከዚያ «ማሻሻያ» ትሉታላችሁ።

ነቅዬዋለሁም። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ በፊት አንድ ጠዋት ነቀልኩት። «የልጄን አፍ ለምን ዘጋሽብኝ?» ብሎ ምሳ ሳይበላ ዋለ። መልሼ ሰካሁት። አንተ ግን ነቀልሽ ብለህ አልጠየቅኸኝም። ወዲያውኑ የሚያውቀውም ስልክህ ነው መሰለኝ።

ገንዘብህ ሁለተኛ ሐኪም አስገኝቷል፤ መልሱ አንድ ነው። ገንዘብ አትላክ። ደውል።

እትዬህ

---

ኅዳር 24

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱን በሚቀጥለው እጨምራለሁ፤ አሁን አልመጣልኝም።

«ጆሮውን ይዘጋል» ብለሽ የተሳለቅሽበት ነገር ስህተት መስሎሻል። ሆን ብዬ የሠራሁት ነው። የሰው መኝታ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጥ ዕቃ ሰላይ ነው። የሌሎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ሰው ከሚስቱ ጋር የተጣላውን፣ በእንቅልፍ ልቡ ያወራውን ሁሉ ሰብስበው ይወስዳሉ። እኔ የጠየቀውን መልስ እንዳገኘ የሚዘጋ ጆሮ ሠራሁ። ለአባዬ ክብር ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተከራክሬበታለሁ። አንቺ ይህን በአንድ የገበያ ምሳሌ ደመሰስሽው።

ስለ ሐቀኝነት ደግሞ የምትመክሪኝ ከሆነ ከመደርደሪያሽ እንጀምር። «ኦሪጅናል» ብለሽ የምትሸጪው ቻርጀር ስልኬን እንደ ምድጃ ሲያሞቀው አስታውሳለሁ። «ውሃ አያስገባም» ያልሽው ከቨር ጤዛ አስገብቷል። ለአንድ ዕቃ ሦስት ዋጋ አለሽ፤ ለዘመድ፣ ለማያውቅ፣ ለሚቸኩል። የኔ ዕቃ ለሁሉም አንድ ነገር ነው የሚለው። ይህ በኛ ሙያ ጨዋነት ነው።

ያም ሆኖ እንዳትወቅሺኝ ብዬ ደንቤን ጥሻለሁ። የአባዬን ዕቃ ብቻ ለይቼ አስተካክያለሁ፤ ከእንግዲህ ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል። ሳልፈትን ምንም ነገር ለቅቄ አላውቅም፤ አንቺ ስላጣደፍሽኝ ይህን ሳልፈትነው ለቀቅሁት። ቢበላሽ በስምሽ ይጻፍ።

ደውል ማለትሽን አቁሚ። የምደውልበትን ጊዜ የማውቀው እኔ ነኝ።

የአጎትሽ ልጅ

---

ኅዳር 26

ከፈላስፋው ምንም ደብዳቤ ሳይመጣ ዛሬ ጠዋት ዕቃው ጠባዩን ለውጦ ተነሳ።

«እንዴት አደሩ?»

«ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመ…»

«በእውነት ደህና ነዎት?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ነው የሚለኝ?»

«ንገረው እግርህን» አልኩት። «እድሉ ይሄ ነው፤ እየጠየቀህ ነው።»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!» አለ ወደ ዕቃው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እርግጠኛ ነዎት? ደህና ነዎት?»

አሁን ተቆጣ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «ውሸታም ነህ ነው የምትለኝ? ስንት ሰው በሰላም አድርሻለሁ፤ አንድ ቀን ‹በእውነት ደርሰናል?› ያለኝ ተሳፋሪ የለም! ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!»

«በጣም ጥሩ! ጤናዎ ከመቼውም የተሻለ ነው!»

አጎቴ ቀስ በቀስ ፊቱ በራ። «ሰማሽ?» አለኝ። «ከመቼውም የተሻለ።»

ጠጋኙ በመስኮት ሰምቶ «እትዬ፣ ይሄን ዕቃ በገበያ ብናገኘው በጠዋት ተሰልፈን እንገዛው ነበር። እንደዚህ የሚያጽናና ማን አለ?» አለኝ። አልሳቅሁለትም። ጨርቁን ስፈታ ጥቁረቱ ከጣት አልፎ ውስጥ እግሩ ላይ መስመር አውጥቷል።

---

ታኅሣሥ 6

ለፈላስፋው፣

ትናንት የደረሰኝ ደብዳቤህ፣ ማስተካከያህ አባትህን ከሰደበው በኋላ የመጣ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ አራት ጊዜ «ደህና» አለው። ሦስት ጊዜ መጠየቅ ሌላ ነው፤ መጠርጠር ሌላ ነው። አንድ ሰው እውነቱን እንዲነግርህ ከፈለግህ ስለ አውቶቡስ ታወራዋለህ፣ ስለ ጎማ ታወራዋለህ፣ ልትሄድ ስትነሳ «አንተ፣ ያ እግርህስ?» ትለዋለህ። ያን ጊዜ ይነግርሃል። አንተ ለማሽን ያስተማርከው፣ ሰው ጠይቀህ የማታውቀውን ነው።

ስለ ጆሮው ያልከው ግን ገብቶኛል። ሰላይ አለማድረግህ ደግ ነው። ሰላይ ያልሆነ ሁሉ ግን ልጅ አይሆንም።

ቻርጀሬም ይሞቃል። ደንበኛዬ ግን ይዞት ተመልሶ ይመጣል፣ ይሰድበኛል፣ እቀይርለታለሁ። አባትህ ዕቃህን ይዞ ወዴት ይምጣ?

አሁን ነገሬን ስማ። ዶክተሯ ትናንት እቤት ድረስ መጥታ አይታዋለች። ሁለት ጣት የነበረው ዛሬ የእግር ግማሽ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ካለፈ ከጉልበት በታች ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ካልፈቀደ በግድ አንቆርጥም ብላለች።

ጠጋኙ የድሮ የድምፅ መልእክቶችህን ከስልኬ ወስዶ የፈለግሁትን በአንተ ድምፅ ማስባል እንደሚችል ነግሮኛል። እስካሁን እምቢ ብያለሁ፤ በሰው ማኅተም ደረሰኝ አልቆርጥም። እምቢታዬ ግን ከዚህ ደብዳቤ መድረስ በኋላ ብዙ አይቆይም። በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የምፈልግብህ። በሕይወት ባለ አፍ።

እትዬህ

---

ታኅሣሥ 14

አልደወለም።

ዛሬ ጠዋት ገንዳውን ይዤ ስገባ መብራቱ በራ። «እንዴት አደሩ» አላለም። በዚያው ድምፅ፣

«አባዬ፣ ደህና አይደለህም። እትዬን ስማት» አለ።

አጎቴ ኮሌታውን እንደያዘ ቀረ። እኔም ገንዳውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ምንም አልጠየቀም።

«ምን አለ?» አልኩት፤ የሰማሁትን በራሱ አፍ ይድገመው ብዬ።

«ደህና አይደለህም አለኝ።» ወደ እግሩ አየ፤ የሌላ ሰው እግር አልጋው ውስጥ እንዳገኘ ሰው። «ጫማዬን አምጪልኝ። አንዱን ብቻ።»

ከጥቅምት ጀምሮ አጥቤዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፣ ሁለት ሐኪም አሳይቼዋለሁ። በአንዲት መስመር ተነሳ። ታክሲ ውስጥ «ለምን እስካሁን እምቢ አልከኝ?» አልኩት። «አንቺማ ሁልጊዜ ታጋንኛለሽ» አለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ነፋስ ወሰድኩ። ነጋዴ ሒሳብ ሲዘጋ የሸጠለትን ሰው መልክ አይመርጥም ብዬ ራሴን መከርኩ። ምክሩ አልገባኝም።

---

ታኅሣሥ 18

ለእትዬ፣

ፈጣሪ ለአባዬ ምሕረት ያምጣለት፤ ለአንቺም ለድካምሽ ዋጋሽን ይክፈልሽ።

ክፍሉ ከማክሰኞ ጀምሮ ባዶ መሆኑን መሣሪያው ነግሮኛል። ሐኪም ቤት ሄዷል ብዬ ገምቻለሁ። ሠርቷል ማለት ነው።

በድምፄ ልታናግሪው እንደምትችዪ የጻፍሽውን ሳነብ ተናድጄ ስልኩን አነሳሁ፤ አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁት። ብደውል የሚሆነውን አውቀዋለሁ። «እንዴት ነህ አባዬ?» እለዋለሁ። «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» ይለኛል። «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። እናመሰግናለን ተባብለን እንዘጋለን። ከሄድኩ ጀምሮ ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ሥራ የለቀቅሁ ጊዜ ደህና ነኝ ብዬዋለሁ። አብሬያት ከምኖረው ልጅ ጋር የተለያየን ጊዜ ደህና ነኝ ብዬዋለሁ። «ለማሽን ያስተማርከው ጠይቀህ የማታውቀውን ነው» ብለሻል። ለማሽኑ ያስተማርኩት የማውቀውን ነው፤ ሌላ አላውቅም። «ደህና አይደለህም» የምትለውን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። በአፌ ልላት ብሞክር አልወጣ አለችኝ።

ይህን ስለጻፍኩልሽ አሸነፍኩ እንዳትይ። ማሳያውን ከትናንት ወዲያ አቅርቤያለሁ። እምቢ ያለ ታማሚ በዕቃው ቃል ሐኪም ቤት መሄዱን ስነግራቸው አጨበጨቡ። ሊገዙት ነው። አንቺ ስትለምኚው ወራት የፈጀውን ዕቃው በአንድ ጠዋት ጨርሶታል፤ ይህንንም ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪው።

ክፍሉን አትንኪው።

የአጎትሽ ልጅ

---

ታኅሣሥ 29

ለአጎቴ ልጅ፣

የተጨበጨበልህ ይርጋልህ። ይህ ምርቃት ነው ወይስ እርግማን ብለህ አትጨነቅ፤ እኔም ገና አልወሰንኩም።

አስፍሬዋለሁ። ሠርቷል፤ አልክድም። አልሠራም ብልህ የምሸነፈው በገዛ ዓይኔ ነው። ግን ሒሳቡን እስከ ታች አንብበው። ዶክተሯ በጥቅምት የጠየቀችው ሁለት ጣት ነበር። የወሰደችው የእግሩን ግማሽ ነው። ዕቃህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጤናህ ሙሉ ነው ያለውን ቀን ሁሉ የከፈለው ያ እግር ነው። ያጨበጨቡልህ ሰዎች ስለዚህ ጠይቀውህ እንደሆነ ጻፍልኝ። አልጠየቁህም፤ አልነገርካቸውማ፤ ባዶ ክፍል ብቻ ነው ያየኸው።

ካርቶን አላስገባሁበትም። ክፍሉ እንደነበረ ነው። ዕቃህም እዚያው ሶኬቱ ላይ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ባዶ አልጋውን «ደህና አይደለህም» ሲለው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ያቺን መስመር አላጠፋሃትም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። ከማደንዘዣው ሲነቃ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየና «ፍሬኑ ሄደ፤ እንግዲህ በመሪ ብቻ ነው» አለ። ነርሷ እየሳቀች አለቀሰች። ያመዋል፤ አሁን ያመዋል። ዶክተሯ «ያምዎታል?» ስትለው ግን «ደህና ነኝ» ይላታል። እሷም ከኛ ተምራ ሁለተኛ ጊዜ ስለ አውቶቡስ ትጠይቀዋለች።

ዕቃውን ሐኪም ቤት አልወሰድኩለትም። ትናንት ጠዋት ገብቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እንዴት አደርክ አጎቴ?» አልኩት።

እግሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እንደ ሁልጊዜው «ደህና ነኝ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም። ባዶ እጄን አየ፣ ከበስተኋላዬ በሩን አየና፣

«እሱ ምን አለ?» አለኝ።

ምን ልበለው? መልሱ አንተ ጋ ነው። ይዘኸው ና።

እትዬህ